ጣቢያው ቅዳሜ ይፈርሳል

በዘጠኝ ዓመቴ የምተዳደረው በለቅሶ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ጋዜጣ ያድላሉ፣ ባዶ የወተት ጠርሙስ ይሰበስባሉ፤ እኔ ስቱዲዮ ሄጄ አለቅሳለሁ። ጦርነቱ ካለቀ አራት ዓመት ቢሆነውም ስኳርና ቅቤ ገና በኩፖን ነበር። እንባ ግን ኩፖን አይጠየቅበትምና ፊልም ሠሪዎቹ አይቆጥቡትም ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ፊልሜ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቤሪል፣ አይዞሽ፤ ድመትሽን የከሰል መኪና ገጫት" አለኝ። ያለቀስኩትን ለቅሶ ቲብስ ራሷ ብትሰማው ታፍር ነበር። ማታ ቤት ስገባ ቲብስ መስኮቱ ላይ ተጋድማ እግሯን ትልሳለች። እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ትምህርት ወሰድኩ። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሰው እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ድምፁን ዝቅ ካደረገ፣ የሆነ ቦታ ካሜራ ተደግኗል ማለት ነው ብዬ ያዝኩ።

ሦስተኛው ፊልሜ ላይ ስደርስ ነቅቼ ጨርሼ ነበር። ሽንኩርት ላጡልኝ፤ ራበኝ። ሜንቶል በቱቦ ዓይኔ ላይ ነፉብኝ፤ አስነጠሰኝ። እንባ የሚመስል ግሊሰሪን ጉንጬ ላይ ጠብ ጠብ እንዳያደርጉልኝ ደግሞ ዳይሬክተሩ ሚስተር ፓርጂተር አሻፈረኝ አለ። ያልተለኮሰ ፒፓ ሲያኝክ የሚውል ቀጭን ሰው ነበር።

"ግሊሰሪን አፍንጫ አያቀላም" ይላል። "ካሜራው የሚቀርባት እስከዚህ ድረስ ነው። እኔ የምፈልገው አፍንጫ ነው።"

ትዕይንቱ እንዲህ ነው፦ እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ ላይ ትታ ልትሄድ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ አይገባትም። ከዚያ ይገባታል። እኔ የማለቅሰው "ይገባታል" የሚለው ቦታ ላይ ነው። ጣቢያውን አዳራሹ ውስጥ ሠርተውታል፤ የባቡሩ ግማሽ ከኮምፔንሳቶ፣ እንፋሎቱ ከጀርባ በቱቦ፣ ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ የቆመ። ቅዳሜ ጧት አናጢዎቹ ያፈርሱትና ለሌላ ፊልም የመርከብ ወለል ይሆናል። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልገባኝ እንዳለ ነው።

እናቴ ሆና የምትሠራው ኮሪና ቶርሊ ነበረች፤ ስሟ በአውቶቡስ ጎን ተጽፎ ከተማውን የሚዞር ሴት። ኋላ እንዳወቅሁት ኮሪናም ቶርሊም አልነበረችም። ኔሊ ክላፍ ነበረች፤ በሰሜን፣ የጥጥ ፋብሪካ ጭስ ካጠቆረው ከተማ፣ ጨጓራና የላም ሸኮና የሚሸጥ ሰውዬ ልጅ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ባቡር ተሳፍራ ለንደን ገባች። አንዲት የአነጋገር አስተማሪ በጥርሷ መሐል ቡሽ አስነክሳ ስምንት ወር ስታናግራት ከረመችና የአባቷን ሱቅ ከአፏ አስወጣችላት። ከዚያ አሥራ አንድ ፊልም ላይ ሞተች። ሁለት ጊዜ በታይፎይድ፣ አንድ ጊዜ ፈረስ ረግጧት፣ የቀረውን ጊዜ በፍቅር።

"ፊልሙ ሳይጋመስ ሬሳዬ ይወጣል፤ እኔ ቤቴ ገብቼ እንቁላል እጠብሳለሁ" ትል ነበር።

ያነሣት ጦርነቱ ነው። መስኮት ላይ ቆማ ባሏን የምትጠብቅ ሚስት ሆና ሠራች። ያኔ አገሩ ሁሉ መስኮት ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቅ ነበርና አነገሣት። ወታደሮች ፎቶዋን በደረት ኪሳቸው እንደያዙ ሞቱ። ከዚያ ሰላም ሆነ። የሚመለሱት ባሎች ተመለሱ፣ የቀሩትም መቅረታቸው ታወቀ፤ መስኮት ላይ የምትቆም ሴት የሚፈልግ ጠፋ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው ትላለች። አርባ አንድ ነበረች።

"በዚህ ፊልም ካላስለቀስኳቸው" አለችኝ አንድ ቀን ከመስታወቷ ፊት ተቀምጣ፣ "በሚመጣው አክስት ነኝ። ከአክስት ቀጥሎ የቤት ሠራተኞች አለቃ። ከዚያ ቀጥሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ።"

አክስት መሆን ምን ክፋት እንዳለው አልገባኝም። የአባቴ እህት አክስቴ ኢዲ በሩ ሥር ሹራብ እየሠራች ነበር፤ ሲታይ ደህና ኑሮ ነው የምትኖረው።

ኮሪና "ጫጩቴ" ትለኛለች። ከቀሚሴ ሥር ጋዜጣ ጎዝጉዛ ከብርድ መጠበቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የኩፖን ከረሜላዋን ለሁለት ትነክሰውና ትልቁን ታካፍለኛለች። ስትቆጣ ቡሹ ከአፏ ይወጣና የአባቷ ሱቅ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የካሜራ ሠራተኞቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ይደፋሉ።

"አባቴ ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? ከላም የሚጣለው እምቧ ማለቷ ብቻ ነው። ወንድሜ የሞተ ቀን ቴሌግራሙ የደረሰኝ የቲያትር ቤቱ መጋረጃ ሊከፈት ሲል ነው። ጓንቴ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚያ ማታ ሠርቼ አላውቅም። ያልተጠቀምሽበት ሐዘን ይሻግታል፣ ጫጩቴ።"

የዳቦ ነገር የምታወራ መስሎኝ፣ አክስቴ ኢዲም የሻገተውን በቢላ ቆርጣ እየጣለች እንደምታበላኝ ነገርኳት። አቅፋኝ ሳቀች።

እውነተኛዋ እናቴ ደግሞ ከከተማው ሁለት ሰዓት በመኪና ርቃ፣ ኮረብታ ላይ ባለ የሳንባ ሕመምተኞች ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አባቴ ከባሕር አልተመለሰም። ሆስፒታሉ ልጅ አያስገባም። በሁለት ሳምንት አንዴ አክስቴ ኢዲ ሣሩ ላይ ታቆመኝና እናቴ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች መሐረብ ታውለበልብልኛለች። እኔም አውለበልባለሁ። ስምንት ወር በመሐረብ ተነጋገርን። በረንዳው ላይ አሥራ ሁለት አልጋ ነበረ፤ አንዳንዴ የሌላ ሰው መሐረብ ነው የማናግረው።

ይህን ለኮሪና ነገርኳት። አላዘነችልኝም፤ ደብዳቤ ጻፈች። የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ሚስት ለካ አድናቂዋ ኖራለች። ፈቃዱ መጣ፦ ልጅቱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ያህል እንድትገባ። እስከ አልጋዋ ድረስ። ኮሪና ወረቀቱን ስታሳየኝ እንዲህ አለችኝ፦ "እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ አታሎሻል። እኔ ግን አላታልልሽም። ሰማሽ? በጭራሽ።"

ሚስተር ፓርጂተርም በበኩሉ የስቱዲዮውን መኪና እሰጣለሁ አለ። ግን እስከ አርብ ማታ ለቅሶው ካሜራ ላይ ከተያዘ ብቻ ነው። ካልተያዘ ቅዳሜ አናጢዎቹን አስቁሞ ሥራ ይቀጥላል፤ እኔም አልሄድም።

አርብ ጧት አክስቴ ኢዲ ስልክ ተጠራች። ስትመለስ ፊቷ አብጧል። ከሚስተር ፓርጂተር ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ቆዩ፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ሹራቧን መተርተር ጀመረች። እኔ ስለማላለቅስ እሷን የወቀሷት መሰለኝ። የጧት ሻይ ሰዓት ሲደርስ ዘቢብ ያለበትን ዳቦዋን ሳትነካ ሰጠችኝ።

"አትበዪውም?"

"ብዪው የኔ ልጅ።"

በላሁት። የሁለት ሰው ዳቦ የበላሁበት ቀን ስለሆነ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ከምሳ በኋላ ከሚስተር ፓርጂተር ቢሮ ጩኸት ተሰማ። ግድግዳው ከጣቢያው ግድግዳ አይወፍርም።

"ማታ ብትሰማው ምን ይቀርባታል?" ይላል እሱ። "የአምስት ሰዓት ጉዳይ ነው። አምስት ሰዓት ማንን ገደለ?"

"ልጅ ናት፣ አንተ ደረቅ! ልጅ ናት!" ኮሪና ናት፤ ቡሹ ወልቋል።

"እሺ፣ ማን ይንገራት? አክስትየው እንደሆነች አፏን መክፈት አቅቷታል።"

ከዚያ ኮሪና በዝግታ፣ "እኔ እነግራታለሁ" አለች።

"መቼ?"

መልሱን አልሰማሁም። ነገሩ ግን ግልጽ ነበር፤ ቅዳሜ ተሰርዟል፣ ማን ይንገራት እየተባባሉ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለማልቀስ ታገልኩ። ዓይኔን ሳልከድን መብራት ላይ አፈጠጥኩ። ምላሴን ነከስኩ። ሁሉም ሰው ድንገት ደግ ሆነብኝ፤ ለወትሮው "ዞር በይ አንቺ ቁንጫ" የሚለኝ የመብራት ሠራተኞቹ አለቃ ኤርኒ ሳይቀር ፖም ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ደግነታቸው የባሰ አስፈራኝ።

መብራት ሠራተኞቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ማብሪያውን አጥፍተው ይሄዳሉ፤ ንጉሡ ቢለምናቸውም አይቆዩም። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሚስተር ፓርጂተር፣ "አንድ ጊዜ፤ የመጨረሻ" አለ። እንፋሎቱ ተለቀቀ። ኮሪና ሻንጣዋን አስቀምጣ ፊቴ ተንበረከከች። ጽሑፉ ላይ "መልካም ልጅ ሁኚ" ነው የምትለው። አላለችውም። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ቤሪል። እናትሽ ዛሬ ጧት ዐርፋለች። ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ። ትወና አይደለም ጫጩቴ፤ እውነት ነው።"

እጇን አየሁ። ትከሻዬን አየሁ። የከሰሉ መኪና ትዝ አለኝ።

ድመት አልበቃቸውም። ይኸው እናቴን አመጡ። የመጣችውም እሷ ናት፤ ከረሜላ የነከሰችልኝ፣ "በጭራሽ" ያለችኝ። ሰዓቱን እንኳ አስልታ ጨምራበታለች፤ እውነት እንዲመስል። ሌላው ሁሉ ቢያታልለኝ ሥራው ነው ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሷን ግን አምኛት ነበር። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በዕንባዬ መሐል በጣቷ አገጬን ነካችኝ፤ የዳበሰችኝ መሰለኝ፤ ይህም የባሰ አስለቀሰኝ። አፍንጫዬ ቀላ።

"ውሸታም ነዎት!" አልኳት። "ውሸታም ነዎት፣ ሚስ ቶርሊ!"

አቅፋ አስጠጋችኝ። እንደ እንጨት ደርቄ ቆምኩላት። ዛሬ ሳስበው ምን እንደመሰላት ይገባኛል፤ መርዶ የተነገረው ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ "ውሸት ነው!" አይደል?

ሚስተር ፓርጂተር "ቁረጥ" ሲል ድምፁ አይሰማም ነበር። ዞር ስል ኤርኒ ቆቡን አውልቆ ይዟል። ከላይ መብራቶቹ አጠገብ ያሉትም አውልቀዋል። ችሎታዬን ያደነቁ መሰለኝና፣ እያለቀስኩም ቢሆን፣ ትንሽ ኮራሁ።

ፊቴን ታጥቤ ካፖርቴን ለበስኩና አክስቴ ኢዲን፣ "ነገ መኪናው በስንት ሰዓት ይመጣል?" አልኳት።

አተኩራ አየችኝ። "በሦስት ሰዓት" አለችና ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። በሩ ሳይዘጋ ለሜካፕ ሠራተኛዋ፣ "ልጅቱ ብረት ናት" ስትላት ሰማሁ። የተመሰገንኩ መስሎኝ ነበር፤ መመስገኔስ መች ቀረ።

ቅዳሜ ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ። ለእናቴ የምነግራትን እንዳልረሳ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፤ አንደኛ ቲብስ፣ ሁለተኛ የወለቀው ጥርሴ፣ ሦስተኛ ኮሪና ውሸታም መሆኗ። መኪና ውስጥ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሾፌሩ ጆሮ አወራሁ። አክስቴ ኢዲ ጥቁር ኮፍያዋን አድርጋ በመስኮት ታያለች። ስትጨነቅ ነው የምታደርገው አልኩ።

በሩ ላይ ማንም አላስቆመኝም። የፈቃዱን ወረቀት ብዘረጋ ነርሷ አላየችውም፤ "ግቢ የኔ ፍቅር" አለችኝ። ደረጃውን ወጣሁ። አልጋዎቹን ቆጠርኩ፤ ሰባተኛው የእናቴ ነው። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሽቦው ላይ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል፤ በአንድ ጫፉ የእናቴ ነጠላ ጫማ ብቅ ብሏል።

"ወዴት አዛወሯት?" አልኩ።

ነርሷ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ኢዲ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲፈርስ ታየኝ።

"ቤሪል... ትናንት ነግራሽ የለም እንዴ? ስትነግርሽ አልቅሰሽ የለም እንዴ?"

ከስምንት ወር በኋላ ከፎቁ ላይ ሆኜ ሣሩን አየሁት። የምቆምበት ቦታ ሣሩ ተረግጦ ሳስቷል። ለማልቀስ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣም። በቀብሩም አልመጣም። የሰፈር ሴቶች "ይቺ ልጅ ደረቅ ናት" ተባባሉ፤ ከአምስት ወር በኋላ ያው ሴቶች ፊልሙን አይተው መሐረባቸውን አረጠቡ።

ፊልሙ ኮሪናን ሽልማት አስገኘላት። አክስት የሆነችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ የኔ አፍንጫ ስድስት ዓመት አቆያት። እኔ ሌላ ፊልም አልሠራሁም። ሁለት ዳይሬክተሮች ሞክረው ተዉኝ። ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር፤ አልመለስኩላትም። መጀመሪያ ስለዋሸችኝ ጠላኋት፤ ቀጥሎ እውነቱን ስለነገረችኝ። ሁለቱ ጥላቻዎች እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ ተስማምተው አብረውኝ ኖሩ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ። የጫማ መደብር ኃላፊ ሆኜ፣ አግብቼ ፈትቼ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ እየተኮስኩ ቴሌቪዥኑ ፊልሙን አሳየ። መተኮሻውን አቁሜ አየሁት። ጣቢያው፣ እንፋሎቱ፣ የተንበረከከችው ሴት። ከዚያ ጣቷን አየሁ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ግራ ታዞረዋለች፤ ጥቂት ብቻ፤ መብራቱ ወዳለበት። ዳበሳ አልነበረም።

ሸሚዙ ተቃጠለ። በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ ባሕር ዳር፣ የጡረተኛ ተዋንያን መኖሪያ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰባ ናት ተብሏል። ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣለች። ስሜን ሳልነግራት ዐወቀችኝ።

"ጫጩቴ" አለች። "ወፍረሻል።"

"አገጬን ለምን አዞሩት?"

"ጥላ ውስጥ ነበርሻ" አለች፤ ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

"ካሜራው እየሠራ እንደነበረ ያውቁ ነበር?"

"ካሜራ ሲሠራ ያላወቅሁ ዕለት ሞቻለሁ በይ።" ጉልበቷ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አስተካከለች። "ሊደብቁሽ ነበር እኮ። ሁሉም ዳቦውን እየበላ፣ ማታ ትስማው አለ። የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ታዲያ ከነገርኩሽ አይቀር ሜዳ ላይ ይፍሰስ? ስሚ፤ እናትሽ ነጠላ ጫማና ብሩሽ ነው ትታ የሄደችው። አገር ሙሉ አለቀሰላት። በየሲኒማ ቤቱ፣ በጨለማ፣ ስንት ሰው! እንዲህ የተለቀሰለት ንጉሥ አለ? ይህን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

የመጣሁት ላስከፋት ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። ቃሉን ከአውቶቡሱ ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ።

"ለእሷ አልነበረም" አልኳት። "አላመንኩዎትም። እንደ ከሰል መኪናው ያለ ውሸት መስሎኝ ነበር። ያለቀስኩት እርስዎ ስለዋሹኝ ነው። በዓለም ላይ የማምነው ሰው እርስዎን ብቻ ነበር፤ ያለቀስኩት ለእርስዎ ነው። ለእናቴ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።"

ኮሪደሩ ላይ የሻይ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። የኮሪና ዓይን ሲሞላ አየሁ። በመጨረሻ፣ አልኩ በልቤ። በመጨረሻ ገባት።

"ለኔ?" አለች።

"ለእርስዎ።"

እጇን አንሥታ ፀጉሯን ነካ አደረገች። ከዚያ ከጉንጯ ሥር የሆነ ነገር ተነሣ፤ መጀመሪያ ሳግ መሰለኝ። ፈገግታ ነበር። የፊልሙ ፈገግታ አይደለም፤ እሱን አውቀዋለሁ። ይሄ ቡሽ ያልነካው ነው፤ የኔሊ ክላፍ።

"ለኔ!" አለች። "እዪ! ማንም ነግሮኝ አያውቅም።" እጄን ያዘች። "ደግመሽ ንገሪኝ። 'የማምነው ሰው' ካልሽበት ጀምረሽ።"

አውቶቡሱ ሊመጣ ገና አርባ ደቂቃ ነበረው። ወንበሬን አስጠጋሁና ደግሜ ነገርኳት። ስለ እናቴ ያለውን ዘለልኩት። መዝለሌን አላስተዋለችም።